ከአንድ ምሽት ጭብጨባ እስከ መጀመሪያው አልበም
(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)

በዛሬው ንግግሬ ላቀርብላችሁ ያሰብሁት የዘፈን ታሪክ ነው። ዘፈን የዕረፍት ሰዓት ማሳለፊያ ስለ ሆነ በመንግሥት ሥራ ላይ ለሚገኝ ሰው ብዙ የሚያሳስብ ጉዳይ አይደለም የሚል አድማጭ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ዘፋኙ እንጀራ የሚሻ ሰው ነው፤ ድምፁን አትሞ የሚሸጠው ነጋዴ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ውል የሚጠብቀው ሕግ ነው፤ ሕጉን የሚያስፈጽመው ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ነገሩ ከእያንዳንዳችን ጠረጴዛ የራቀ አይደለም።

በዘመናችን በቴሌቪዥን የሚቀርበውን የድምፅ ውድድር የማያውቅ የለም። አንድ ወጣት ከሩቅ አገር ይመጣል፤ በዳኞች ፊት ይቆማል፤ ይዘፍናል፤ ሕዝብ ያጨበጭባል፤ ስሙም በአንድ ምሽት በሀገሩ ሁሉ ይሰማል። ከዚያ በኋላስ? ያ ጭብጨባ ወደ ሥራ የሚለወጠው በምን መንገድ ነው? የመጀመሪያው አልበም የሚወለደው ማን ደግፎት፥ በስንት ዓመት፥ በማን ገንዘብ ነው? የዛሬው ነገራችን ይኸው ነው። የውጭው አገርና የሀገራችን ታሪክ ጎን ለጎን ሆነው እንዲታዩ ስል፥ ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ።

ነገሩን ከዋና ከተማ መጀመር የተለመደ ነው። እኔ ግን ከወረታ መነሣት ይሻለኛል። ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ 60 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ወረታ ከተማ ይደርሳል። ከተማዪቱ የቆመችው ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በተዘረጋው በፎገራ ሜዳ ላይ ነው። ጉማራና ርብ የሚባሉት ወንዞች ሜዳውን አቋርጠው ወደ ሐይቁ ይገባሉ፤ በክረምትም ሞልተው ሜዳውን ያለብሱታል። አገሩ ጥንት በፎገራ ከብት የታወቀ ነው፤ ከ20ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በሩዝ እርሻ ስሙ ተጠርቷል። ወረታ የመንገድ መገናኛ ናት፤ አንደኛው መንገድ ወደ ጎንደር ይቀጥላል፤ ሁለተኛው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ በደብረ ታቦርና በጋይንት በኩል እስከ ወልድያ ይዘልቃል። ለነገራችን መግቢያ የሚሆነን ይህ ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው መንገድ ነው።

በዚህ መንገድ የሚያልፍ ሰው የሚደርስበት የጋይንት ምድር በዜማ ትምህርት እጅግ የታወቀ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሥርዓት፥ የድጓ ምስክር ጉባኤ ቤት ቤተልሔም ነው፤ የዝማሬና መዋሥዕት ምስክርም ዙር አባ ነው። ሁለቱም በደቡብ ጎንደር ይገኛሉ። ምስክር ማለት ምን እንደ ሆነ ለማያውቅ አድማጭ ጥቂት ላብራራ። አንድ የዜማ ተማሪ በየአገሩ ካሉ መምህራን ዘንድ ለብዙ ዓመት ተምሮ ቢበቃም፥ እርሱ ራሱ በሙሉ ሥልጣን መምህር ይባል ዘንድ፥ ምስክር ወደ ሆነው ጉባኤ ቤት ሄዶ በዚያ ሊያስመሰክር ይገባዋል። በዚያም መምህሩ ጆሮውን ሰጥቶ ያደምጠዋል፤ የተሳሳተውን ያርመዋል፤ የጎደለውን ያስሞላዋል፤ በመጨረሻም ይመሰክርለታል። ተማሪው የሚሰማውን ሕዝብ በአንድ ቀን ዜማ ደስ ቢያሰኝም፥ ያ ደስታ ለምስክርነት አይቆጠርለትም።

በዚሁ አገር ሁለተኛ ዓይነት ዳኛ አለ፤ እርሱም ሕዝቡ ነው። የጎንደር ምድር ከጥንት ጀምሮ የአዝማሪ አገር ነው። አዝማሪው ከጅራት ፀጉር የተገመደ አንድ ጅማት ብቻ ያላትን ማሲንቆውን ይዞ ሠርግ ወይም ጠጅ ቤት ሲገባ፥ አድማጩ ግጥም ይሰጠዋል፤ እርሱም ያን ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። ደስ ያለው ሰው ገንዘቡን አውጥቶ በግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል፤ ያልጣመው ፊቱን ያዞርበታል። ፍርዱ የሚሰጠው እዚያው፥ በዚያው ሰዓት ነው። እንግዲህ የቴሌቪዥን ውድድር ለእኛ እንግዳ ነገር ነው ማለት አስቸጋሪ ነው። የመምህር ዳኝነትም፥ የሕዝብ ዳኝነትም ከጥንት የነበሩን ናቸው።

የአዝማሪው ቃል ምን ያህል ክብደት እንደ ነበረው የሚያስረዳ አንድ የታሪክ ነገር ልጥቀስ። በፋሽስት ወረራ ዘመን፥ በየካቲት ወር 1937 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፥ ጠላት ካደናቸውና ከገደላቸው ሰዎች መካከል በየአገሩ የሚዞሩ አዝማሪዎች ነበሩበት። ጠመንጃ ያልያዘ፥ ማሲንቆ ብቻ የያዘ ሰው እንደ አርበኛ የተፈራበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ወሬውና ተስፋው ከመንደር ወደ መንደር የሚደርሰው በእርሱ ዜማ ነበርና።

ነገር ግን ሁለቱም ዳኞች፥ መምህሩም ሕዝቡም፥ ዘፋኙ በአካል ከፊታቸው እንዲቆም የግድ ይፈልጉ ነበር። ድምፅ ከባለ ድምፁ ተለይቶ ሊሄድ የቻለው ሸክላ ከመጣ በኋላ ነው። በዚህ ረገድ የሀገራችን የመጀመሪያው ስም ተሰማ እሸቴ ነው። ኋላ ነጋድራስ የተባሉት እኒህ ሰው፥ በ1908 ዳግማዊ ምኒልክ የአውቶሞቢል ሥራ እንዲማሩ ወደ ጀርመን አገር ልከዋቸው ሳለ፥ በበርሊን ከተማ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። ለአውቶሞቢል ትምህርት የሄደ ሰው የኢትዮጵያን ዘፈን በሸክላ አስቀርጾ መመለሱ የሚያስገርም ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አንድ ዘፋኝ በሌለበት ቤት ሊዘፍን፥ በማያውቀው ሰው ሊመሰገን፥ ከሞተም በኋላ ሊሰማ ቻለ። በዚያውም ልክ፥ ድምፁ ያለ ፈቃዱ ሊባዛና ሊሸጥ የሚችልበት በር ተከፈተ።

ሸክላ ማሳተም መሣሪያና ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ ስለ ሆነ፥ ለረዥም ጊዜ በሀገራችን በግል ነጋዴ እጅ አልገባም። ሙዚቀኞቹ በአመዛኙ በክብር ዘበኛ፥ በፖሊስ ሠራዊት፥ በማዘጋጃ ቤትና በቴያትር ቤቶች ደመወዝ እየተከፈላቸው ይሠሩ ነበር። በ1948 በወጣ የንጉሠ ነገሥት መንግሥት ድንጋጌ ደግሞ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም ሥራ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። ይህን አጥር ደፍሮ የዘለለው በ1969 ወጣቱ አምሐ እሸቴ ነው። አምሐ ሪከርድስ የሚባለውን ድርጅት አቋቁሞ፥ በመጀመሪያ የዓለማየሁ እሸቴን ድምፅ በሸክላ አወጣ። በአዲስ አበባ የማተሚያ መሣሪያ ስላልነበረ፥ ሸክላው የታተመው በህንድ አገር ነው። አምሐ በ1975 ከሀገር እስኪወጣ ድረስ ከ100 በላይ ትናንሽ ሸክላዎችን አሳትሟል።

እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ዓለማየሁ እሸቴ የአሜሪካንን ሮክ እንድ ሮል በወጣትነቱ ወድዶ ያጠና ስለ ነበር፥ ሰው «የኢትዮጵያ ኤልቪስ» እያለ ይጠራው ነበር። ነገር ግን ሸክላ ከማሳተሙ አስቀድሞ በፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ ውስጥ ዓመታት ሠርቷል። በዚያ ልምምድ ነበረ፥ አለቃ ነበረ፥ የሙዚቃ ቡድን ነበረ፥ ደመወዝ ነበረ። የመጀመሪያው ሸክላ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አምሐ እሸቴ ያመጣው የነጋዴነትን ድፍረት ነው፤ ሙያው ግን ቀደም ብሎ የተሠራ ነበር። እንግዲህ የመጀመሪያ ሥራ የሚወለደው ሁለት ነገር ሲገናኝ ነው፤ ይኸውም የበሰለ ሙያና የሚያምነው አሳታሚ።

አሁን ወደ ውድድሩ እንመለስ። በውጭ አገር የድምፅ ውድድር በቴሌቪዥን አልተጀመረም፤ በሬዲዮ ነው። በ1934 ሜጀር ቦውዝ የሚባል ሰው በኒው ዮርክ የጀማሪዎችን ውድድር በሬዲዮ ማቅረብ ጀመረ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ዝግጅቱ በመላው አሜሪካ ተሰማ። ያልጣመው ዘፋኝ የሚባረረው ደወል ተመትቶበት ነበር። ፍራንክ ሲናትራ በ1935 ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ በዚሁ ውድድር ቀርቧል። ስሙ በዓለም የታወቀው ግን ከዚያ በኋላ በትልልቅ ኦርኬስትራዎች ውስጥ ዓመታት ከሠራ በኋላ ነው። የውድድሩ በር መክፈቻ ሆነለት፤ ቤቱን የሠራው ራሱ ነው።

በ2001 ሳይመን ፉለር የሚባል እንግሊዛዊ «ፖፕ አይዶል» የሚባለውን የቴሌቪዥን ውድድር አወጣ። በ2002 ይኸው ዝግጅት «አሜሪካን አይዶል» ተብሎ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በዚህ ውድድር ዳኝነቱ ለተመልካቹ ሕዝብ የተሰጠ ነበር፤ ሕዝቡ ስልክ እየደወለ ድምፁን ይሰጥ ነበር። ሌላው ነገር ከመጋረጃው በስተኋላ ነው፤ ውድድሩ ገና ሲጀመር ሸክላ የሚያሳትመው ኩባንያ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ጭብጨባው ሳይበርድ አልበሙ ገበያ ላይ እንዲውል የታሰበ ነገር ነው።

የዚህ አሠራር ብርቱ ምሳሌ ክሪስ ዶትሪ ነው። ይህ ሰው በሰሜን ካሮላይና ግዛት በአንድ የመኪና መሸጫና ጥገና ድርጅት ውስጥ ደንበኞችን የሚያስተናግድ ሠራተኛ ነበር። የነጋድራስ ተሰማ ነገር እዚህ ላይ ትዝ ይላል፤ ሁለቱም ከአውቶሞቢል ሥራ ወደ ሸክላ የመጡ ሰዎች ናቸው። ዶትሪ ቀደም ሲል የራሱ የሮክ ባንድ ነበረው፤ በ2005ም ለሌላ የሮክ ዘፋኞች የቴሌቪዥን ውድድር ተፈትኖ ሳይቀበሉት ቀርተዋል። በ2006 በአሜሪካን አይዶል ቀርቦ አራተኛ ሆኖ ወጣ። በዚያው ጊዜ አንድ የታወቀ የሮክ ባንድ መሪ ድምፃዊ አድርጎ ሊወስደው ቢጠይቀው እንቢ ብሎ የራሱን ባንድ አቋቋመ። ከውድድሩ ከተሰናበተ ከስድስት ወር በኋላ፥ በኅዳር ወር 2006፥ የመጀመሪያውን የሮክ አልበም አወጣ። አልበሙ በ5 ሳምንት ውስጥ ከ1 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ፤ በአሜሪካ የሽያጭ ቆጠራ ታሪክም በፍጥነት በመሸጥ የመጀመሪያ ሥራ ከሆኑ የሮክ አልበሞች ሁሉ የበለጠ ሆነ። አራተኛ የወጣው ሰው አንደኛ የወጣውን በገበያ ቀደመው ማለት ነው።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? አንደኛ፥ የውድድር ምሽት ፍርድና የአልበም ፍርድ ሁለት የተለያዩ ፍርዶች ናቸው። ተመልካቹ በአንድ ምሽት የሚፈርደው ሌላ ሰው በሠራው ዘፈን ላይ ነው፤ ምክንያቱም ተወዳዳሪው አብዛኛውን ጊዜ የታወቁ ዘፋኞችን ሥራ መልሶ ይዘፍናል። አልበም ሲወጣ ግን «ያንተስ ዜማ የት አለ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ሁለተኛ፥ የስድስት ወሩ ፍጥነት የዘፋኙ ብቻ አይደለም። ጠበቃ ያዘጋጀው ውል፥ ቀራጭ መሐንዲስ፥ የግጥምና የዜማ ደራሲ፥ ማከፋፈያ መጋዘን፥ የቅጂ መብትን የሚያስከብር ፍርድ ቤት፥ ይህ ሁሉ ከዘፋኙ በፊት የነበረ ነው።

በእኛስ ዘንድ? በሀገራችን ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1964 ነው። ከ1974 አብዮት በኋላ በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድኖች ተቋቋሙ፤ የጎንደር ፋሲለደስ፥ የጎጃም ግሽ ዓባይ፥ የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድኖች ስማቸው የሚዘነጋ አይደለም። ማሪቱ ለገሠ ከላሊበላ፥ ይሁኔ በላይም ከግሽ ዓባይ እየወጡ በሀገር የታወቁ ድምፃውያን ሆነዋል። በዘመኑ በመድረክ ላይ የሚባለውን የሚወስነው መንግሥት ስለ ነበረ፥ ነፃነት ነበረ ለማለት አይቻልም። ሆኖም ከገጠር ቀበሌ የተነሣ አንድ ልጅ ደረጃ በደረጃ እየተለማመደ ወደ ክፍለ ሀገር ከተማ የሚደርስበት መሰላል ነበረ። ያ መሰላል ከ1991 በኋላ በብዙ ቦታ ሲፈርስ፥ በእርሱ ፈንታ ሌላ በቶሎ አልተሠራም።

በዚያው ዘመን ሸክላ በካሴት ተተካ። የካሴት ሙዚቃ ቤቶች አሳታሚም፥ አከፋፋይም፥ ባንክም ሆኑ። ዘፋኙ አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን በአንድ ጊዜ ክፍያ ይሸጥላቸው ነበር፤ ከዚያ ወዲያ አንድ መቶ ሺህ ቢሸጥ ወይም አንድ ሺህ ቢሸጥ ለእርሱ ልዩነት አልነበረውም። ቀጥሎ ካሴትና ሲዲ በየመንገዱ መቅዳት በጣም ቀላል ሲሆን፥ ሙዚቃ ቤቶቹ ራሳቸው ከሰሩ፤ ለጀማሪ ዘፋኝ ገንዘብ የሚያወጣ አሳታሚም እየጠፋ ሄደ። በ2004፥ በራሳችን አቆጣጠር በ1996 ዓመተ ምሕረት፥ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ወጣ። ይህ አዋጅ የደራሲውን ብቻ ሳይሆን የከዋኙንና የአሳታሚውን መብት ጭምር ለይቶ ያወቀ ነው። ኋላም ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 872/2007 የመብት ባለቤቶች በማኅበር ሆነው የሮያሊቲ ክፍያ የሚሰበስቡበትን መንገድ አመለከተ። ሕጉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሕግ በጋዜጣ ታትሞ መውጣቱና ገንዘቡ በዘፋኙ እጅ መግባቱ በመካከላቸው ረዥም መንገድ አለ።

የቴሌቪዥን የድምፅ ውድድር ወደ እኛ የመጣው እንግዲህ በዚህ ጊዜ ነው። በመጀመሪያ «ኢትዮጵያን አይዶል» የሚባለው ቀረበ። ቀጥሎ የግጥምና የዜማ ደራሲው አብርሃም ወልዴ «ባላገሩ አይዶል» የሚባለውን አዘጋጀ። ስሙ ራሱ የሚናገረው ነገር አለ፤ ባላገር ማለት የአገሩ ባለቤት ነውና። ዝግጅቱ ከአዲስ አበባ ወጥቶ በየክፍላተ ሀገሩ እየዞረ ተወዳዳሪዎችን ፈልጓል። ከዚያም ወዲህ «ፋና ላምሮት»ን የመሳሰሉ ውድድሮች ተከትለዋል።

በ2015 የባላገሩ አይዶል አሸናፊ የሆነው ዳዊት ጽጌ ነው። የመጀመሪያ አልበሙ «የኔ ዜማ» የወጣው በ2020 ነው። በመካከሉ 5 ዓመት አለ። ክሪስ ዶትሪ በስድስት ወር የፈጸመውን፥ የእኛው አሸናፊ በአምስት ዓመት ፈጸመ ማለት ነው። ይህን ሰምቶ «ምነው ዘገየ?» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ግን በዚህ ቁጥር ውስጥ ሁለት ነገር አያለሁ። አንደኛው የሚያሳዝን ነው፤ በሀገራችን ለአሸናፊው አስቀድሞ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ የአሳታሚነት ሥርዓት አለመኖሩን ይመሰክራል። ሁለተኛው የሚያስከብር ነው፤ ከውድድሩ ጭብጨባ ጋር እኩል ለመሮጥ ሳይቸኩል አልበሙን በጊዜው ማውጣቱ ነው። የአልበሙ ስምም ነገሩን ይገልጸዋል። ተወዳዳሪ ሳለ የሌሎችን ዜማ ሲዘፍን የታወቀ ሰው፥ በራሱ አልበም ላይ «የኔ ዜማ» ብሎ መጻፉ፥ ቅድም ያነሣነውን «ያንተስ ዜማ የት አለ?» የሚለውን ጥያቄ መመለሱ ነው። በጋይንቱ ጉባኤ ቤት ቋንቋ ስንናገር፥ ውድድሩ ትምህርቱ ነበረ፤ አልበሙ ምስክሩ ነው።

ሮክ የሚባለውን የሙዚቃ ዓይነት በተመለከተ ደግሞ የሀገራችን ጉልህ ምሳሌ የውድድር አሸናፊ አይደለም፤ ጃኖ የተባለው ባንድ ነው። ባንዱን ያሰባሰበው የሙዚቃ ሥራ አስኪያጁ አዲስ ገሠሠ ነው። በአራት ድምፃውያን፥ በሁለት ሴቶችና በሁለት ወንዶች፥ ይዘፍን የነበረው ይህ ባንድ «ኤርታሌ» የተባለውን የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ፥ አልበሙን ያዘጋጀው አሜሪካዊው የባስ ጊታር ተጫዋች ቢል ላዝዌል ነው። ላዝዌል ለሀገራችን ዜማ እንግዳ አልነበረም፤ የቻግኒዋን ልጅ የእጅጋየሁ ሽባባውን «ጂጂ» የተባለውን አልበም በ2001 ያዘጋጀው እርሱ ነው። ባንዱ በጥለት በተዋበው በሀገራችን ልብስ ስም መጠራቱ፥ አልበሙም በአፋር ምድር ሲነድ በሚኖረው የእሳተ ገሞራ ተራራ ስም መሰየሙ፥ የባንዱን አሳብ ያሳያል፤ ልብሱ ያገር ነው፥ እሳቱም ያገር ነው።

በኤሌክትሪክ ጊታር የሚጮኸው ሮክ ከእኛ ቅኝት ጋር ምን አገናኘው የሚል አድማጭ ቢኖር፥ መልሱ ከሚመስለው ይልቅ ቅርብ ነው። ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የተሠሩ ናቸው። ሮክም ከጥቁር አሜሪካውያን የብሉዝ ዜማ የወረሰው ዋነኛ ስልት የአምስት ድምፅ ስልት ነው፤ እርሱም ከባቲ ቅኝት ከአንደኛው ዓይነት ጋር አንድ ነው ለማለት ይቻላል። ስለዚህ በፎገራ ጠጅ ቤት ማሲንቆ ሲሰማ ያደገ ጆሮ፥ የሮክ ጊታር ቢሰማ ጩኸቱ ቢያስደነግጠው እንጂ የዜማው መንገድ አይጠፋውም።

የጃኖ ታሪክ የሚያስረዳን ሌላም ነገር አለ። ሮክ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ጊታሩ፥ ባሱ፥ ከበሮው፥ ኪቦርዱ እየተሰማሙ እንደ አንድ ሰው እንዲተነፍሱ አብረው ብዙ ጊዜ ሊለማመዱ ይገባቸዋል። ለዚህም የልምምድ ቤት፥ መሣሪያ፥ መብራትና ልምምዱ እስኪያልቅ የሚያቆይ ቀለብ ያስፈልጋል። የቴሌቪዥን ውድድር የሚፈትነው ግን አንድን ድምፃዊ ለብቻው ነው፤ ከኋላው ያሉት ሙዚቀኞች ስማቸውም አይጠራም። ከውድድሮቻችን ብዙ ድምፃውያን ሲወጡ ባንዶች የማይወጡት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ እስካሁን የተናገርሁትን በአጭሩ ልሰብስበው። ጭብጨባ ስም ይሰጣል። ስም ግን እንደ ደረሰኝ ነው፤ ገንዘብ የሚሆነው የሚቀበለው መሥሪያ ቤት ሲኖር ነው። ተሰማ እሸቴን ሸክላ ቀራጩ ተቀበላቸው። ዓለማየሁ እሸቴን አስቀድሞ ኦርኬስትራው፥ ቀጥሎም አምሐ እሸቴ ተቀበሉት። የክፍለ ሀገሩን ልጅ የኪነት ቡድን ተቀበለው። ዛሬ በአንድ ምሽት ውድድር የታወቀውን ወጣት የሚቀበለው ማን ነው? ብዙ ጊዜ የሚቀበሉት ስልክና የዩቲዩብ መስኮት ናቸው። እነዚህ ድምፁን ያሰራጩለታል፤ ያለ አሳታሚ ከሕዝብ ያገናኙታል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን መስኮት አያርምም፤ አያስተምርም፤ ውል አይጽፍም።

በመንግሥት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ልናስተካክል አንችልም። ሆኖም በየመሥሪያ ቤታችን የምንችለው ነገር ጥቂት አይደለም። በወረታም ሆነ በሌላ ከተማ ባለ የባህል ጽሕፈት ቤት የተቀመጠ ሹም፥ ለበዓል ቀን ብቻ አዝማሪ ጠርቶ አበል ከፍሎ ከማሰናበት ይልቅ፥ የአገሩን የማሲንቆ ዜማ ከነባለቤቱ ስም አስቀርጾ በመዝገብ ቢያኖር፥ ነገ የሚነሣው ወጣት የሚማርበትን ቤት ሠራ ማለት ነው። የመዝናኛ ክበብ ኃላፊ የሆነ ሰው ለጀማሪ ባንድ የልምምድ ክፍል በሳምንት ሁለት ቀን ቢፈቅድ፥ ያወጣው ወጪ ከመብራት አይበልጥም። ፍርድ ቤት የሚሠራ ሰው የቅጂ መብት ክስ ሲቀርብለት «የዘፈን ነገር ነው» ብሎ ሳያቃልል ቢመረምረው፥ ሕጉን ከጋዜጣ አውጥቶ ለባለመብቱ አደረሰ ማለት ነው። ወላጅ የሆነ ሰውም ልጁ በቴሌቪዥን አሸንፎ ሲመጣ፥ ከደስታው ቀጥሎ «ውሉን ማን አነበበልህ?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ታላቅ ምክር መከረ ይባላል።

ወጣቶች ሆይ፤ ለእናንተም አንድ ቃል አለኝ። በዚያች የውድድር ምሽት ብትሸነፉ ፍርዱ የመጨረሻ አይደለም፤ አራተኛ የወጣው ሰው ያደረገውን ሰምታችኋል። ብታሸንፉም ፍርዱ የመጨረሻ አይደለም፤ አምስት ዓመት የታገሠውን ሰው ሰምታችኋል። ድምፅ የተፈጥሮ ስጦታ ነው፤ ዜማ ግን ይሠራል። የሠራችሁትንም ዜማ በስማችሁ አስመዝግቡ፤ ስታሳትሙም በጽሑፍ ተዋዋሉ። ከወረታ ወደ ምሥራቅ በሚታጠፈው መንገድ ተጉዞ ወደ ጋይንት የሚሄደው የድጓ ተማሪ የሚያውቀውን ነገር እናንተም እወቁት፤ እርሱ መንገዱ ረዥም መሆኑን ያውቃል፤ ምስክር ሳያገኝም መምህር ነኝ አይልም።

ንግግሬን በዚሁ እፈጽማለሁ።